የቀኝ እጅ ፍሬን፦ ከአቃቂ በሰቃ እስከ ብሬታኝ ደርሶ መልስ

ማክሰኞ

ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሹራብ፣ አንድ የዝናብ ካፖርት፣ መቅረጸ ድምፅ፣ ሦስት ማስታወሻ ደብተርና ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎ ነበር። ከዚህ ሌላ በሻንጣ የማይያዝ አንድ ጥያቄ ይዤ ሄጃለሁ። ጥያቄው የእኔ አይደለም። አቃቂ በሰቃ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ብስክሌት የሚጠግኑት የጋሽ መርጊያ ነው።

የእኔ ጉዳይ ሥራ ነበር። ሎይክ የሚባል ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ውድድር ሊያቆም ስለሆነ፣ የመጨረሻ ውድድሩን አይቼ ስለ ሙያ ዘመኑ እንድጽፍ ጋዜጣዬ ላከኝ። ፈረንሳዮች ሰውን በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት። እኛ እንደዚያ አንጠራራምና እኔም ሎይክ ብቻ እለዋለሁ።

አቃቂ ሎይክን ታውቀዋለች። ከስድስት ዓመት በፊት ከፍታ ላይ ለመለማመድ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ብስክሌቱ በአውሮፕላን ሲመጣ የፍሬን ገመዶቹ ተቆራርጠው ስለደረሱ ሰዎች ወደ ጋሽ መርጊያ ወሰዱት፤ ጋሽ መርጊያም ሁለቱንም በአዲስ ቀየሩለት። በማግስቱ የሰፈሩ ብስክሌተኞች ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ ሲወዳደሩ አብሯቸው ወጣ። ገላንን አለፍ እንዳለ ወደቀ። የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ የጎዳና ውድድር ቡድኑም ከዚያ በኋላ ውሉን አላደሰለትም።

ብስክሌት ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ የፊቱን ጎማ ይይዛል፣ ሌላው የኋላውን። ጋሽ መርጊያ ሙያውን የተማሩት ከጣሊያኖች ጋር ከሠራ አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለሆነ፣ የፊቱን ፍሬን እንደ ጣሊያኖቹ በቀኝ እጅ በኩል ያስራሉ። እሳቸው የነኩት ብስክሌት ሁሉ እንደዚያ ነው። ፈረንሳዮች ግን የፊቱን በግራ ያስራሉ። ጋሽ መርጊያ ይህን ያወቁት ሎይክ ከወደቀ በኋላ ነው። «ፈረንጁን የገለበጠው የእርስዎ ፍሬን ነው፤ አቀያይረው ነው ያሰሩለት» አላቸው አንድ የሰፈር ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውድድር ብስክሌት አልነኩም። የዕቃ ማመላለሻ ብስክሌትና የእጅ ጋሪ ጎማ ይጠግናሉ። ፋብሪካ የሚሠራውና እሁድ እሁድ የሚወዳደረው ጎረቤታቸው ሰለሞን እንኳን ብስክሌቱን ይዞ በበራቸው እያለፈ ሳሪስ ድረስ ሄዶ ያስጠግናል።

ልሰናበታቸው ስሄድ የጋሪ ጎማ እየነፉ ነበር።

«ጋዜጠኛው፣ ሹራብ ያዝክ?»

«ሁለት ይዣለሁ፣ ጋሽ መርጊያ።»

«ሦስት አድርገው።» ፓምፑን አቁመው ቀና አሉ። «አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የወደቀው በእኔ እጅ ነው ወይ? በለው።»

«ስድስት ዓመት አለፈኮ።»

«እኔም ስድስት ዓመት ጠበቅኩ። የሚሄድ ሰው አጥቼ ነው እንጂ።»

«ደግ ሰው ነው ይላሉ። ይቅር ይልዎታል።»

«ይቅርታውን መቼ ጠየቅኩ? አይደለም ካለ ደስ ይለኛል። ነው ካለም ልወቀው። ብቻ እንዳትቀባባብኝ። ጋዜጣ ላይ ስትጽፍ ትቀባባለህ?»

«አልቀባባም።»

«እንግዲያው እንደዚያው አድርገህ አምጣልኝ።»

ወደ ፓምፓቸው ተመለሱ። እኔም ሦስተኛ ሹራብ ልወስድ ወደ ቤት ሄድኩ።

ረቡዕ

ስለ በረራው የምጽፈው ነገር የለም፤ ተኝቼ ነበር። ፓሪስን ያየኋት ከአየር ማረፊያ ወደ ባቡር ጣቢያ በወሰደኝ አውቶቡስ መስኮት ነው። ጧት በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ሲሆን ገና ፀሐይ ልትወጣ ነበር። መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። የቃሊቲን መንገድ ለለመደ ሰው ያ ሁሉ ከባድ መኪና አንድም ጊዜ ጥሩምባ ሳይነፋ ሲሄድ ማየት አንድ የተበላሸ ነገር ያለ ያስመስላል።

ብሬታኝ በምዕራብ ፈረንሳይ ወደ ባሕር የገባች አገር ናት። ባቡሬ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ፣ ሴንት ብሪዩ ወደምትባል ከተማ ይሄድ ነበር። ጣቢያ የደረስኩት ሊነሳ ሲል ስለነበር በመጀመሪያ ባገኘሁት በር ገባሁ። የቃሊቲን ባቡር የሚያውቅ ሰው በየትኛውም በር ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሰው እየገፋ ቦታ ይፈልጋል። እዚያ ግን አንድ ባቡር የመሰለኝ ለካ ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች ኖረዋል። ሬን ከተማ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ። ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ መተላለፊያ የለም። ይህን ያወቅኩት ሬንን ካለፍን በኋላ፣ ትኬት ተቆጣጣሪዋ ቀስቅሳኝ ትኬቴን ሁለት ጊዜ ካየች በኋላ ነው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ወደ ሰሜን ነው የሚሄዱት» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «እኛ ወደ ደቡብ ነን።»

አልተቆጣችም። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ስልካቸውን አውጥተው ሎይክ ዘንድ ደወሉልኝ፣ ከዚያም ከቦርሳቸው ሁለት መንደሪን አውጥተው ሰጡኝ። ቫን በምትባል ከተማ ወርጄ ጣቢያው ውስጥ መንደሪን እየላጥኩ ጠበቅኩ። ሎይክ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቶ ደረሰ። ለመጨረሻ ውድድሩ አራት ቀን ቀርቶት የዕለቱን ልምምድ በእኔ ምክንያት አጥቷል። ይቅርታ ስጠይቀው እጁን አወዛወዘ።

«እኔም አንዴ በዚያው ባቡር ተሳስቼ አውቃለሁ» አለ። «ያውም እዚሁ የተወለድኩት ሰው።»

ረዥም፣ ቀጭን፣ ጉንጩ የገባ ሰው ነው። መኪናው ኋላ በጎማና በቦቲ ጫማ የተሞላ ነው። ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ የአቃቂው ስብራት ምልክት መሆኑ ነው።

መንገድ ላይ የጋሽ መርጊያን ጥያቄ ልጠይቀው እችል ነበር። ሆን ብዬ ተውኩት። ደግ ሰው «አንድ ሽማግሌ በእጄ ነው ወይ የወደቅከው ብለው ይጨነቃሉ» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ አይደለም ይላል። ያ ደግሞ ለጋሽ መርጊያ አይበቃቸውም፣ ለእኔም። ስለዚህ ሽማግሌውን ሳላነሳ «ከአቃቂ ምን ታስታውሳለህ?» ብቻ አልኩት።

«ብስክሌቱን» አለ ወዲያው። «ፍሬኑን ካሠራሁ በኋላ ቃሊቲ አደባባይ ላይ አንድ ሚኒባስ ፊቴ ቆመ። ቀኝ እጄን ጨበጥኩ። የኋላው ይይዛል ስል የፊቱ ጎማ ያዘ። በመሪው ላይ ልገለበጥ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ያን ቀን—»

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው፤ እንግዳው ምን ይበላል እያሉ ነው። የነቢያት ጾም ከገባ ጥቂት ቀኑ ነበርና ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማልበላ ነገርኩት። ለእናቱ ሲነግራቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነና የጀመረውን ሳይጨርስ ደረስን።

ለጋሽ መርጊያ ይዤ የምመለሰው ይህን ከሆነ ምን ልላቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ደብተሬ ላይ የተናገረውን እንዳለ ጻፍኩ፤ ሥሩ ላይ «አላለቀም» ብዬ አሰመርኩበት።

ሐሙስ

ወይዘሮ አኒ፣ የሎይክ እናት፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ፣ አጭርና ፈጣን ሴት ናቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እኔም ፈረንሳይኛ አልችልም። የምንግባባው በእጅና በስልክ አስተርጓሚ ነው። ብሬታኝ የቅቤ አገር መሆኑን የተረዳሁት በእሳቸው ወጥ ቤት ነው። ዳቦው ላይ ቅቤ፣ ድንቹ ላይ ቅቤ፣ ጎመኑም በቅቤ ነው። ቤት ውስጥ ዘይት ስላልነበረ ትናንት ጎረቤት ሄደው ለምነው አምጥተዋል። ለእኔ አንድ ድስት ለይተው፣ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፈው፣ በትልቁ ጽፈውበታል። ሎይክ አነበበልኝ፦ «ያለ ቅቤ፤ ማንም እንዳይነካ»። ቤቱ ውስጥ ከሦስታችን ሌላ ሰው የለም።

ጧት ድንችና ባቄላ በዘይት በላሁ። እሳቸው ቆመው አዩኝ፤ ከበላሁ በኋላም ሆዴን በጣታቸው እያሳዩ ጠየቁኝ። ጠግቤያለሁ አልኩ። ያላመኑኝ መሰለኝ፤ ሁለተኛ ሰሃን አመጡ። በዚህ በኩል አቃቂ ነው ያለሁት።

ዝናብ ነበር። ሎይክ ለልምምድ ወጥቶ ስለነበር ወይዘሮ አኒ ቁም ሣጥን ከፍተው የልጃቸውን ሙያ ዘመን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ። ማልያ፣ ፎቶ፣ የደረት ቁጥር። ከእነዚያና ማታ ሎይክ ካጫወተኝ ያጠናቀርኩት ይኸው ነው።

በስምንት ዓመቱ በሳይክሎ ክሮስ ጀመረ። ሳይክሎ ክሮስ በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ በሜዳና በጫካ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር ነው። ተወዳዳሪው የማይነዳበት ቦታ ሲደርስ ወርዶ ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሮጣል። አባቱ ብስክሌቱን ያዘጋጁለት ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሥራውን እናቱ ያዙት።

በሃያ ሦስት ዓመቱ ወደ ጎዳና ውድድር ገባና ሰባት ዓመት የባለሙያ ቡድን አባል ሆኖ ነዳ። ሥራው ማሸነፍ አልነበረም። ለቡድኑ መሪ ውኃ ያቀብላል፣ ነፋሱን በደረቱ ይከለክልለታል፣ የመሪው ጎማ ሲፈነዳ የራሱን ይሰጠዋል። ለአንባቢዬ የሚቀርበው ምሳሌ የታክሲ ረዳት ነው። ሾፌሩ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፣ መድረሻ ላይ ግን ስሙ የሚጠራው የሾፌሩ ነው። በሰባት ዓመት አንድ ውድድር አሸንፏል፤ ያውም መሪው ታሞ በቀረበት ቀን።

ከአቃቂው ውድቀት በኋላ ያለ ቡድን አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጭቃው ተመለሰና አሁን ስድስተኛ ክረምቱን ይዟል።

«ከጎዳናው ይልቅ ይኸኛው ተሻለኝ» አለኝ ሎይክ፣ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ። «ጭቃ ላይ ሁሉም ሰው ለራሱ ነው።»

ወሬውን ወደ ፍሬኑ ልመልሰው ስል ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው።

ዓርብ

ከቁርስ በኋላ የውድድሩን ቦታ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ የአንድ ገበሬ የግጦሽ መሬት ነው። በእንጨትና በገመድ መንገድ አጥረውበታል። አንድ ቀጥ ያለ ዳገት፣ አንድ አሸዋማ ቦታ፣ ሁለት ከጉልበት በታች የሆኑ ሳንቃዎች አሉ። መሬቱ በዝናብ ረጥቧል። አዘጋጁ ግን አልበቃ ብሎት አንዱ መታጠፊያ ላይ በበርሜል ውኃ ሲያፈስ አየሁት። ክረምት በመጣ ቁጥር በአቃቂ ዋልካ ጫማው ተይዞ የቀረበት ሰው ይህን ቢያይ ምን እንደሚል ገመትኩ። የእነሱ ጭቃ ቀጭን ነው፤ ጫማ አያስቀርም፤ ነገር ግን ኪስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

ሎይክ ሳንቃዎቹን እንዴት እንደሚያልፍ ሊያሳየኝ ከሩቅ እየነዳ መጣ። ሲቃረብ ቀኝ እግሩን በኮርቻው ላይ አዙሮ በግራ ፔዳል ላይ ብቻ ቆመ፤ ቀኝ እጁን ከመሪው ለቆ የብስክሌቱን ወገብ ያዘ፤ በግራ እጁ ፍሬን ነክቶ ዘለለና ብስክሌቱን አንስቶ ሮጠ። ሁሉም አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። የኋላው ጎማ በጭቃው ላይ ትንሽ ሲንሸራተት አየሁ።

የጋሽ መርጊያ ሱቅ ደጅ ላይ ብዙ ቀን ተቀምጬ አውቃለሁ። በግራ እጁ ጨብጦ የያዘው የኋላው ከሆነ የፊቱ በቀኝ ነው ማለት ነው። ብስክሌቱን ተቀብዬ አየሁት። የፊቱ ፍሬን በቀኝ ታስሯል።

«ፈረንሳይ ውስጥ በግራ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«በግራ ነው። የእኔ ብቻ ነው እንደዚህ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአቃቂ ጀምሮ» አለ። «ረቡዕ ልነግርህ ስል እናቴ ደወለች። ቃሊቲ አደባባይ ላይ ልገለበጥ ስል ገባኝ። መልሼ ላሠራው አሰብኩ፣ ግን ሊመሽ ነበር፤ ጧት ደግሞ ውድድር አለ። ስለዚህ እስኪጨልም እየነዳሁ በዚያው ለመድኩት። ሆስፒታል ተኝቼ ሳስበው ነው ለጭቃ እንዴት እንደሚመች የታየኝ። ለመውረድ ቀኝ እጅህን ትለቃለህ። ግራ እጅህ የፊቱን ጎማ የሚይዝ ከሆነ ትገለበጣለህ፤ የኋላውን ከሆነ ግን ቀስ ብለህ ትወርዳለህ። ሌሎች ይህን የሚያደርጉ አሉ። እኔ ግን አባቴ ያሰረልኝን አልነካም ብዬ ሃያ ዓመት ስገለበጥ ኖሬያለሁ።»

«ታዲያ ገላን ላይ የወደቅከው ምን ሆነህ ነው?»

ጭቃውን ከፔዳሉ ላይ በጣቱ ጠረገ።

«ፍየል ገብቶብኝ ነው ብዬ ነበር ለቡድኑ» አለ። «ፍየል አልነበረም። ከመንገድ ዳር አንድ ሰው ሙዝ ሰጠኝ። በሁለት እጄ እየላጥኩ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ሰባት ዓመት ባለሙያ ሆኜ፣ ሙዝ እየላጥኩ።»

«ፍሬኑን አልነካህም?»

«እጄ መሪው ላይ አልነበረም እልሃለሁ። ምኑን እነካለሁ?»

እፎይ አልኩ። አፍ ግን አፍ ነው፤ ስድስት ዓመትም ረዥም ነው። «የያኔው ጽሑፍ ይኖርሃል?» አልኩት። ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ የሚጽፍበት የልምምድ ደብተር እንዳለው እናቱ ሐሙስ ዕለት ነግረውኝ ነበር።

ሳቀ። «አንተ ፖሊስ ነህ ወይስ ጋዜጠኛ?»

ቅዳሜ

ደብተሩ ድሮ የላም በረት በነበረው የመሥሪያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ገጹ ላይ ሁለት ቀን ተጽፏል። የመጀመሪያው በሥርዓት የተጻፈ ነው፤ ሁለተኛው ተኝቶ የጻፈው ስለሆነ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሎይክ ቃል በቃል ተረጎመልኝ፣ እኔም ገጹን ፎቶ አነሳሁ።

«ፍሬን ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ለመድኩት። ጥሩ ይይዛል።»

«ወደቅኩ። ሁለቱም እጄ መሪው ላይ አልነበረም። ሙዝ። ጥፋቱ የራሴ።»

ከዚህ በኋላ ነው ጋሽ መርጊያን ያነሳሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ የውድድር ብስክሌት እንዳልነኩ፣ እንድጠይቅላቸው እንደላኩኝ፣ እንዳትቀባባ እንዳሉኝ ነገርኩት። ሎይክ ለእናቱ ተረጎመ። ወይዘሮ አኒ የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡ።

«ግን እሳቸው አውቀው ነው ያደረጉት» አለ ሎይክ። «ብስክሌቱን ሲሠሩ የጭቃ ተወዳዳሪ ነበርኩ ብዬ በእጄ አሳይቻቸው ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ገብቷቸው እንደዚያ ያሰሩልኝ ነበር የመሰለኝ። ለስድስት ዓመት ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖሬያለሁ። አቃቂ ያለ አንድ ሽማግሌ አንዴ አይቶኝ ሃያ ዓመት ያልገባኝን አወቀልኝ እያልኩ።»

ይህንንም ብተወው ማንም አይጎዳም ነበር። ግን ቃሌን ለአንድ ወገን ብቻ ልጠብቅ አልችልም።

«አውቀው አይደለም» አልኩት። «እሳቸው ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስሩት። ለዳቦ ቤቱ የዕቃ ማመላለሻ ብስክሌትም።»

ሎይክ ደብተሩን አንስቶ ገጹን እንደገና አነበበ። እናቱ ምን አለ ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፣ ግድግዳ ይዘው። ቀጥሎ እሱም ሳቀ። ስለ ሙዙና ስለ ፍየሉ መጻፍ እችል እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ነገ አቆማለሁ» አለ። «ጻፈው። ቀለል ይለኛል።»

የገላን ፍየሎች በዚህ አጋጣሚ ነፃ መሆናቸውን አስታውቃለሁ።

እሁድ

ውድድሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንደሩ ሁሉ በቦቲ ጫማ ወጥቷል። ድንች ጥብስ የሚሸጥበት ድንኳን ፊት የቆመው ሰልፍ ሳሪስ ታክሲ የሚጠበቅበትን ያህል ነው፤ ልዩነቱ የሚጋፋ አለመኖሩ ነው።

በሳይክሎ ክሮስ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ብስክሌት አለው። አንዱ በጭቃ ሲሞላ በተወሰነ ቦታ ላይ ይጥለውና ንጹሑን ይቀበላል። የተጣለው እሱ ዞሮ እስኪመጣ ድረስ በውኃ ቱቦ ታጥቦ፣ ተወልውሎ ይጠብቃል። የሎይክን የሚያጥቡት ወይዘሮ አኒ ናቸው። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ከሞላው ጀምሮ ጭቃ ላይ በወጣ ቁጥር ይህን ሠርተዋል። ዛሬ ብስክሌቱን የሚያቀብላቸው ጎረቤት ጉንፋን ይዞት ስለቀረ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ፣ የባላቸውን ቦቲ ሰጡኝ፣ ንጹሑን ብስክሌት አስያዙኝ።

በመጀመሪያው ዙር ተሳሳትኩ። ሎይክ ሲመጣ ብስክሌቱን እንደ እንግዳ አቀባበል ፊት ለፊቱ ገትሬ ያዝኩለት። ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞሮ መጠበቅ ነበረበት። ወይዘሮ አኒ ከኋላዬ መጥተው እኔንም ብስክሌቱንም አንድ ላይ አዞሩን። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም። እሱ ይወርዳል፣ ሁለት እርምጃ ይሮጣል፣ ከእጄ ይነጥቃል፣ ይሄዳል። እናቱ ያጥባሉ። ፊታቸው፣ መነጽራቸው፣ ፀጉራቸው ጭቃ ነው። በየዙሩ እሱ ሳንቃዎቹ ጋ ሲደርስ እጃቸውን ያቆማሉ፤ ከዘለለ በኋላ እንደገና ማጠብ ይጀምራሉ። እኔም የግራ እጁን ነበር የማየው። በየዙሩ የኋላው ጎማ ትንሽ ይንሸራተታል፣ እሱም ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ዘጠነኛ ወጣ። አሸናፊው ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ሎይክ መጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ እኛ መጣ፤ በሁለት እግሩ፣ አንድም አጥንት ሳይሰበር። ወይዘሮ አኒ አዩት። ውኃውን ዘጉ። ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበትና ረዥም ትንፋሽ አወጡ።

«ፊኒ» አሉ።

ይህን ያለ አስተርጓሚ ተረዳሁት፤ አለቀ ማለታቸው ነው። ብስክሌቱን ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተነስተው አጠቡት።

ማክሰኞ

በመመለሻዬ ባቡር ላይ ከመግባቴ በፊት ሦስት ሰው ጠየቅኩ። ወይዘሮ አኒ ያለ ቅቤ የጋገሩትን የፖም ኬክ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተውኛል፤ በቅቤ ፋንታ ምን እንዳደረጉበት አላውቅም፣ ድንጋይ ሆኗል፣ መንገዱን ሙሉ በልቼዋለሁ።

ከቦሌ ታክሲ ይዤ ቃሊቲ ስደርስ የከባድ መኪናዎቹ ጥሩምባ ተቀበለኝ። ጤነኛ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። ቤት ሳልገባ ከነሻንጣዬ ጋሽ መርጊያ ዘንድ ሄድኩ። የጋሪ ጎማ ይዘዋል። ሰለሞን ከሥራ ሲመለስ ሰላም ሊላቸው ገብቶ በር ላይ ቆሟል።

«መጣህ?» አሉ። «ወፍረሃል።»

«ሲያበሉኝ ነው የሰነበቱት።»

«ጠየቅከው?»

«ጠየቅኩት። በእርስዎ እጅ አይደለም። ሙዝ ሲልጥ ሁለቱንም እጁን ለቆ ጉድጓድ ገባ። በዋዜማው ግን ቃሊቲ አደባባይ ላይ ፍሬኑ ተቀያይሮበት ሊገለበጥ ለትንሽ ነው የተረፈው።»

የደብተሩን ፎቶ አሳየኋቸው፣ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ሁለተኛውን መስመር ድገመው አሉ፤ ደገምኩ። ከዚያ ሎይክ እሁድ ከውድድሩ በፊት የላከላቸውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ሎይክ ስማቸውን እንደምንም ጠርቶ ሰላምታ ያቀርባል፣ ከዚያ ወደ ሳንቃው እየነዳ ሄዶ ይወርዳል። ጋሽ መርጊያ ድምፁን አልሰሙም፤ እጁን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ቀኙ የፊቱ ነው?»

«የፊቱ ነው። ከእርስዎ በኋላ በሌላ እጅ አላሰረም። እንዲያውም አውቀው ያደረጉለት መስሎት ለአገሩ ሰው ሁሉ ሲያወራልዎ ኖሯል።»

«አውቄ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ምን አውቃለሁ? እጄ የለመደውን ነው ያሰርኩት። ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«ደግ አደረግክ።» መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉ። «በእኔ አይደለም ማለት ነው» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጋሪው ጎማ። «ሊሆን ግን ይችል ነበር። አደባባዩ ላይ ተርፎ ነው።»

ይህን እኔም አውቀው ነበር። አላስተባበልኩም።

ጎማውን ወደ ጎን አስቀመጡት። ከጥግ ላይ በጆንያ የተሸፈነውን፣ የውድድር ጎማ ሲጣመም የሚያቃኑበትን መሣሪያ ጎትተው አወጡና አቧራውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ሰለሞን!»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ነገ ያን ብስክሌትህን ይዘህ ና። ሳሪስ ያሉት ምን ሲሠሩልህ እንደከረሙ ልየው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩት። «የፊቱን ፍሬን በየትኛው እጅ ነው የምትፈልገው?»

«እንደ ድሮው ነዋ።»

«ድሮ ጠይቄህ አውቃለሁ?»

«ኧረ አያውቁም።»

«እንግዲያው አሁን ጠየቅኩህ።»

ሰለሞን ሁለቱንም እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጣቶቹን መሪ እንደያዘ ሰው አጥፎ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን ጨበጥ እያደረገ ማሰብ ጀመረ። ጋሽ መርጊያ መልሱን ቆመው ጠበቁ።